ራኒቲዲን፦ የአንድ የቃር መድኃኒት ታሪክና ለጤና ባለሙያው የተወው ትምህርት

መግቢያ

የአንድ መድኃኒት ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው በተወለደበት ዘመን ነው። መድኃኒቱ ሲገኝ፣ ሲሞከርና ሲወደስ ብዙ ይባላል፤ ከመደርደሪያ ሲወርድ ግን አጭር ማስታወቂያ ይወጣና ነገሩ ይዘጋል። ራኒቲዲን የተባለው የጨጓራ አሲድ መቀነሻ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚዘጋ ታሪክ የለውም። ወደ አርባ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በመላው ዓለም በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች ለቃር፣ ለጨጓራና ለዱኦዲነም ቁስለት ወስደውታል። በሐኪሞችና በፋርማሲስቶች ዘንድም ጉዳቱ አነስተኛ፣ ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር የማይጋጭና በቀላሉ የሚገኝ መድኃኒት ነው ተብሎ ይታመን ነበር።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1 ቀን 2020 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አምራቾች በሙሉ ራኒቲዲንን ከገበያ እንዲያነሡ ጠየቀ። ከዚህ ውሳኔ በኋላ በየሕክምና ተቋሙ ሁለት ጥያቄዎች መነሣታቸው አልቀረም። አንደኛው «ለዓመታት የወሰድኩት መድኃኒት ምን አድርጎኝ ይሆን?» የሚለው የሕመምተኛው ጥያቄ ነው። ሁለተኛው ደግሞ «በምን ይተካ?» የሚለው የባለሙያው ጥያቄ ነው። ለሁለቱም ተገቢ መልስ ለመስጠት መድኃኒቱ ከየት እንደ መጣ፣ ጥርጣሬው መቼ እንደ ተጀመረና ምን ሳይጠየቅ እንደ ቀረ ማወቅ ይጠቅማል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አሲድን የማርከስ ዘመን

ጨጓራ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ እንደሚያመነጭ እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ፕራውት ያረጋገጡት በ1820ዎቹ ነበር። በ1910 ካርል ሽዋርትዝ አሲድ በሌለበት ቁስለት እንደማይኖር ካስገነዘቡ ወዲህ የሕክምናው ዓላማ አንድ ሆነ፤ እርሱም አሲዱን መቀነስ ነው። ይሁን እንጂ መሣሪያው ጥቂት ነበር። አሲድን የሚያረክሱ የማግኒዥየምና የአሉሚኒየም ውሕዶች፣ በየሰዓቱ የሚወሰድ ወተት፣ ረዘም ያለ የአልጋ ዕረፍትና ከአመጋገብ መቆጠብ ዋነኞቹ ነበሩ። ሕመሙ የጸናበት ሰው የሚጠብቀው ቀዶ ሕክምና ነበር። የጨጓራው ክፍል ይቆረጣል ወይም ወደ ጨጓራ የሚሄደው የቬገስ ነርቭ ይበጠሳል። ቀዶ ሕክምናው ብዙዎችን ቢያድንም ተቅማጥ፣ የክብደት መቀነስና የደም ማነስ ትቶባቸው የሚያልፍ ሕመምተኞች ጥቂት አልነበሩም።

በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ሌዎን ፖፒየልስኪ የተባሉት የፊዚዮሎጂ ተመራማሪ ሂስታሚን የጨጓራን አሲድ እንደሚያበዛ አሳዩ። በ1940ዎቹ ሂስታሚንን የሚከላከሉ መድኃኒቶች ሲሠሩ ይህን አሲድ ይቀንሳሉ የሚል ተስፋ ነበር። መድኃኒቶቹ ለአለርጂ ቢጠቅሙም በጨጓራ አሲድ ላይ ግን ለውጥ አላመጡም። ከዚህ የተነሣ ሂስታሚን በጨጓራ የሚሠራው በሌላ ዓይነት ተቀባይ አማካይነት ሳይሆን አይቀርም የሚል አሳብ ተፈጠረ።

የሁለተኛው ተቀባይ ፍለጋ

ይህን አሳብ ወደ መድኃኒት የለወጡት ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብላክ ናቸው። ብላክ በ1964 በእንግሊዝ አገር ዌልዊን ጋርደን ሲቲ በሚገኘው የስሚዝ ክላይን ኤንድ ፍሬንች ቤተ ሙከራ ሥራቸውን ጀመሩ። ከባልደረቦቻቸው ጋር ለበርካታ ዓመታት የሂስታሚንን ሞለኪውል ጥቂት በጥቂት እየለወጡ ሲፈትሹ ከቆዩ በኋላ፣ ቡሪማማይድ የተባለው ውሕድ ሁለተኛውን የሂስታሚን ተቀባይ እንደሚዘጋ በ1972 ለሳይንሱ ዓለም አቀረቡ። ቡሪማማይድ ግን በአፍ ሲወሰድ በቂ ኃይል አልነበረውም። ከእርሱ በኋላ የመጣው ሜቲያማይድ በአፍ ሲወሰድ ቢሠራም በጥቂት ሕመምተኞች ላይ የነጭ የደም ሕዋሳትን ቁጥር በአደገኛ ሁኔታ ቀነሰ። ተመራማሪዎቹም ጉዳቱን ያመጣል ብለው የጠረጠሩትን የሞለኪውሉን ክፍል በሌላ ተክተው ሲሜቲዲንን ሠሩ።

ሲሜቲዲን በ1976 በብሪታንያ፣ በ1977 ደግሞ በአሜሪካ ለሕክምና ተፈቀደ። ቀድሞ በቀዶ ሐኪም እጅ ይወድቁ የነበሩ ብዙ ሕመምተኞች በእንክብል መዳን ጀመሩ። ብላክ በ1988 ከገርትሩድ ኢሊየንና ከጆርጅ ሂቺንግስ ጋር የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ሜቲያማይድ የተተወው ጉዳቱ ቶሎ ስለ ታየ ነው። የነጭ የደም ሕዋስ መቀነስ በሳምንታት ውስጥ በደም ምርመራ ይታወቃል። ከብዙ ዓመታት በኋላ ሊመጣ የሚችል ጉዳት ግን በዚህ ዓይነት ክትትል አይያዝም።

ራኒቲዲን ገበያውን ያዘ

ሲሜቲዲን የራሱ ድካም ነበረው። በጉበት መድኃኒቶችን የሚሰባብሩትን የሳይቶክሮም ፒ-450 ኢንዛይሞች ስለሚያግድ ዋርፋሪን፣ ፌኒቶይንና ቲዮፊሊን በደም ውስጥ እንዲከማቹ ያደርጋል። በከፍተኛ መጠን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ በአንዳንድ ወንዶች ላይ የጡት ማበጥ ያስከትላል፤ በአረጋውያን ላይም የአእምሮ መደናገር ታይቷል።

በዴቪድ ጃክ መሪነት የሚሠሩ የግላክሶ ተመራማሪዎች ዌር በተባለችው የእንግሊዝ ከተማ በሚገኘው ቤተ ሙከራቸው የሲሜቲዲንን ኢሚዳዞል ቀለበት ትተው በፉራን ቀለበት ላይ የተመሠረተ ሞለኪውል ሠሩ። ውጤቱ ራኒቲዲን ነበር። በክብደት ሲነጻጸር ከሲሜቲዲን የበረታ፣ በቀን ሁለት ጊዜ የሚበቃ፣ የጉበት ኢንዛይሞችንም እምብዛም የማይነካ ሆኖ ተገኘ። ዛንታክ በሚል የንግድ ስም በ1981 በብሪታንያ፣ በ1983 በአሜሪካ ገበያ ላይ ዋለ። በ1980ዎቹ መጨረሻ በዓለም ከፍተኛ ሽያጭ ያለው መድኃኒት ለመሆን በቃ። በ1995 በአሜሪካ በአነስተኛ መጠን ያለ ሐኪም ማዘዣ እንዲሸጥ ተፈቀደ፤ የባለቤትነት መብቱ ዘመን ካለፈ በኋላም ብዙ አገሮች በጄኔሪክ ስሙ እያመረቱ በርካሽ አቀረቡት።

በዚያው ዘመን ሌሎች ሁለት ለውጦች ተከትለው መጡ። የመጀመሪያው በስዊድን አስትራ ኩባንያ የተሠራውና በ1988 ለገበያ የቀረበው ኦሜፕራዞል ነው። ኦሜፕራዞል የሂስታሚንን ተቀባይ በመዝጋት ፈንታ አሲዱን የሚያወጣውን የፕሮቶን ፓምፕ ራሱን ስለሚያቆም አሲድን በመቀነስ ከራኒቲዲን ይበልጣል። ሁለተኛው ለውጥ የተገኘው በአውስትራሊያ ፐርዝ ከተማ ነው። ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለውን ባክቴሪያ በ1982 በቤተ ሙከራ አሳድገው ከቁስለት ጋር ያለውን ግንኙነት አሳዩ፤ በ2005ም የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ራኒቲዲን ሲወሰድ ይድን የነበረው ቁስለት መድኃኒቱ ሲቋረጥ ለምን ይመለስ እንደ ነበር በዚህ ግኝት ታወቀ። አሲዱ ቢቀንስም ባክቴሪያው በቦታው ይኖር ነበርና።

ቀድሞ ተነሥቶ የነበረው ጥያቄ

ናይትሮሳሚኖች የተባሉት ውሕዶች አደገኛነት የታወቀው ከራኒቲዲን በፊት ነው። እንግሊዛውያኑ ጆን ባርንስና ፒተር ማጊ ከእነዚህ አንዱ የሆነው ኤን.ዲ.ኤም.ኤ. የአይጦችን ጉበት እንደሚጎዳ በ1954፣ በጉበታቸው ላይ ዕጢ እንደሚያበቅል ደግሞ በ1956 አስታወቁ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ይህን ውሕድ በሰው ላይ ካንሰር ሊያስከትሉ ይችላሉ ተብለው በብርቱ ከሚጠረጠሩት ምድብ አስገብቶታል። ኤን.ዲ.ኤም.ኤ. በጥቂት መጠን በተጠበሰና በጢስ በደረቀ ሥጋ፣ በአንዳንድ መጠጦችና በውኃ ውስጥም ይገኛል።

በጄኖዋ ይሠሩ የነበሩት ጣሊያናዊው ሲልቪዮ ደ ፍሎራ በ1981 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ባወጡት ደብዳቤ፣ ራኒቲዲን ከናይትራይት ጋር ሲገናኝ ዘረ መልን የሚለውጡ ውሕዶች እንደሚፈጠሩ ገለጹ። መድኃኒቱ ከምግብ ጋር እንዳይወሰድና ናይትራይት የበዛበት ምግብ እንዲቀነስ መምከር ተገቢ እንደሚሆንም አመለከቱ። ይህ ማሳሰቢያ የወጣው ራኒቲዲን በብሪታንያ ለገበያ በቀረበበት ዓመት መሆኑ የሚያስገርም ነው።

ማሳሰቢያው በወቅቱ ብዙ ክርክር አስነሣ፤ ነገር ግን ክርክሩ ያተኮረው በአንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ እርሱም ጨጓራ ነው። ጥያቄው «በሰው ጨጓራ ውስጥ ይህን ለውጥ የሚያመጣ በቂ ናይትራይት ይገኛልን?» የሚል ሲሆን፣ በቤተ ሙከራ የተጨመረው የናይትራይት መጠን በተፈጥሮ ከሚገኘው እጅግ የበዛ ነው የሚል ማጽናኛ ተሰጠበት። እንክብሉ ራሱ በጠርሙሱ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ ግን ለረጅም ዘመን በሚገባ አልተመረመረም። ከአርባ ዓመት ገደማ በኋላ መድኃኒቱን ከገበያ ያስወጣው ይኸው ሳይጠየቅ የቀረ ጥያቄ ነው።

የሲሳፕራይድ ማስጠንቀቂያ

ከራኒቲዲን በፊትም አንድ የቃር መድኃኒት ከገበያ ተወግዶ ነበር። ሲሳፕራይድ የጨጓራን እንቅስቃሴ በማፋጠን የሌሊት ቃርን ለማስታገስ በ1993 በአሜሪካ የተፈቀደ መድኃኒት ነው። እንደ ኤሪትሮማይሲንና ኬቶኮናዞል ካሉ መድኃኒቶች ጋር ሲወሰድ ወይም የልብ ሕመም ላለበት ሰው ሲሰጥ አደገኛ የልብ ምት መዛባት አስከተለ። የመድኃኒቱ መግለጫ ደጋግሞ ቢሻሻልና ማስጠንቀቂያ ቢታከልበትም አዘዣው እንደ ቀድሞው ቀጠለ። እስከ 1999 ፍጻሜ ድረስ ለአሜሪካው አስተዳደር 341 የልብ ምት መዛባት ሪፖርቶች ደርሰው ነበር፤ ከእነዚህ ውስጥ 80ዎቹ ሞትን የሚያመለክቱ ነበሩ። በ2000 አምራቹ በአሜሪካ በመደበኛ ሁኔታ መሸጡን አቆመ።

ሁለቱ ታሪኮች የተለያዩ ናቸው። የሲሳፕራይድ ጉዳት ድንገተኛና በታወቁ ሕመምተኞች ላይ የታየ ነበር። በራኒቲዲን ምክንያት ታመመ ተብሎ በእርግጠኝነት የሚጠቆም አንድ ሰው ግን አልነበረም። የነበረው በጊዜ ብዛት ሊደርስ የሚችል አደጋ ስሌት ነው። ጤና ባለሙያው ለሕመምተኛው ሲያስረዳ ይህን ልዩነት መዘንጋት የለበትም።

ከ2018 እስከ 2020

በጁላይ 2018 ለደም ግፊት በሚሰጠው ቫልሳርታን ውስጥ ኤን.ዲ.ኤም.ኤ. መገኘቱ ተገለጸና ብዙ ምርቶች ከገበያ ተሰበሰቡ። ምንጩ በቻይና የሚገኝ ጥሬ መድኃኒት አምራች የቅመማ ሂደቱን በመለወጡ የመጣ ብክለት ነበር። ይህ ክስተት የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤቶች በሌሎች መድኃኒቶችም ውስጥ ናይትሮሳሚን እንዲፈልጉ አነሣሣቸው።

በሴፕቴምበር 2019 በአሜሪካ ኒው ሄቨን ከተማ የሚገኘው ቫሊዥር የተባለ ቤተ ሙከራ በራኒቲዲን ውስጥ ኤን.ዲ.ኤም.ኤ. ማግኘቱን ለመንግሥት አመለከተ። በመጀመሪያ የጠቀሰው መጠን በአንድ እንክብል ከ3 ሚሊዮን ናኖ ግራም በላይ ስለ ነበር ድንጋጤ ፈጠረ። የአሜሪካው አስተዳደር የተቀበለው የቀን ጣሪያ 96 ናኖ ግራም ነውና። ይሁን እንጂ ቤተ ሙከራው የተጠቀመበት ዘዴ ናሙናውን እስከ 130 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሚያሞቅ ሲሆን፣ ሙቀቱ ራሱ ኤን.ዲ.ኤም.ኤ.ን ይፈጥር ነበር። አስተዳደሩ ሙቀት በማያስፈልገው ዘዴ ሲመረምር እጅግ ያነሰ መጠን አገኘ፤ ይህም በተጠበሰ ወይም በጢስ በደረቀ ሥጋ ከሚገኘው ጋር የሚቀራረብ መሆኑን በኖቬምበር 2019 ገለጸ። ቢሆንም አንዳንዶቹ ምርቶች ከተፈቀደው ጣሪያ በላይ ነበሩ። በዚሁ መካከል ሳንዶዝ በሴፕቴምበር፣ ሳኖፊ ደግሞ በኦክቶበር 2019 ምርታቸውን ሰበሰቡ።

ነገሩን የቆረጠው ተከታዩ ምርመራ ነው። ራኒቲዲን በተለመደው የክፍል ሙቀት ተቀምጦም ቢሆን በጊዜ ብዛት ኤን.ዲ.ኤም.ኤ. በውስጡ እየጨመረ እንደሚሄድ፣ ሙቀቱ ከፍ ሲል ደግሞ ጭማሪው እንደሚፋጠን ታወቀ። ይህ የሆነው በሞለኪውሉ አሠራር ምክንያት ነው። ራኒቲዲን በአንድ ጫፉ የናይትሮ ቡድን፣ በሌላው ጫፉ ደግሞ የዳይሜቲልአሚን ቡድን ይዟል፤ ኤን.ዲ.ኤም.ኤ. ለመፈጠር የሚያስፈልጉት ሁለቱ አካላት በመድኃኒቱ ውስጥ ተሟልተው ይገኛሉ። ስለዚህም የቫልሳርታን ችግር የመጣው ከአሠራሩ ሲሆን፣ የራኒቲዲን ችግር የመጣው ከራሱ ከመድኃኒቱ ነበር። አንዱን አምራች በሌላ በመተካት የሚፈታ አልነበረም።

በመሆኑም አስተዳደሩ ኤፕሪል 1 ቀን 2020 ራኒቲዲን በሙሉ ከገበያ እንዲነሣ ጠየቀ። የአውሮፓ የመድኃኒቶች ኤጀንሲም በዚያው ወር መጨረሻ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ፈቃዱ እንዲታገድ ሐሳብ አቀረበ። ሁሉም አገሮች ግን አንድ ዓይነት ውሳኔ አልወሰዱም። ለምሳሌ ካናዳ ተመርምረው ከጣሪያው በታች መሆናቸው የተረጋገጠ ምርቶች እንዲሸጡ ፈቅዳለች። የአሜሪካው አስተዳደርም ቢሆን ምርቱ በጊዜ ብዛት እንደማይበላሽ በማስረጃ ለሚያሳይ አምራች በሩን አልዘጋም ነበር።

ከተሰበሰበ በኋላ ጥናቶች ምን አሉ?

መድኃኒቱ ከተነሣ በኋላ ሁለት ዓይነት ጥናቶች ተከታትለው ወጡ። የመጀመሪያው ራኒቲዲን በሰው ሰውነት ውስጥ ወደ ኤን.ዲ.ኤም.ኤ. ይለወጣል ወይስ አይለወጥም የሚለውን የመረመረ ነው። በአሜሪካው አስተዳደር ተመራማሪዎች የተካሄደውና በ2021 የታተመው ጥናት በ18 ጤነኛ ሰዎች ላይ 300 ሚሊ ግራም ራኒቲዲንን ከባዶ እንክብል ጋር አነጻጸረ። በሽንታቸው የወጣው ኤን.ዲ.ኤም.ኤ. ናይትራይት ከበዛበት ምግብ ጋር በወሰዱትም ጊዜ እንኳ ጉልህ ልዩነት አላሳየም። ከ1981 ጀምሮ የተነሣው የጨጓራ ጥያቄ በዚህ ጥናት የሚያጽናና መልስ አገኘ ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ዓይነት የካንሰርን ስርጭት የሚመለከት ነው። በ2023 የታተመና በበርካታ አገሮች ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎችን የሸፈነ ጥናት፣ ራኒቲዲን የወሰዱትን በዚያው መደብ ሌሎች መድኃኒቶችን ከወሰዱት ጋር አነጻጽሮ የካንሰር መብዛት አላገኘም። በፍርድ ቤቶችም ሰፊ ክርክር ተካሂዷል። በዲሴምበር 2022 በፍሎሪዳ የሚገኙ የአሜሪካ ፌዴራል ዳኛ የከሳሾቹ ሳይንሳዊ ማስረጃ ብቁ አይደለም በማለት በርካታ ክሶችን ዘጉ። በኦክቶበር 2024 ደግሞ ግላክሶ ስሚዝ ክላይን ጥፋተኛነቱን ሳያምን፣ በልዩ ልዩ ክፍለ ግዛቶች የነበሩ ወደ 80 ሺህ የሚጠጉ ክሶችን ለመቋጨት እስከ 2.2 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

እነዚህ ማስረጃዎች ውሳኔው ስሕተት ነበር አያሰኙም። የተሻለ ምትክ ባለበት፣ በመደርደሪያ ላይ ሳለ መርዛማ ውሕድ የሚያፈራ መድኃኒትን ማቆየት አይገባም ነበር። ለሕመምተኛው ግን የሚነገረው ቃል ግልጽ ይሆናል። ራኒቲዲን የተነሣው በሰው ላይ ካንሰር ማምጣቱ ተረጋግጦ ሳይሆን፣ ሊወገድ የሚችል አደጋን ለማስወገድ ነው። ቀድሞ መድኃኒቱን በመውሰዱ ብቻ ልዩ የካንሰር ምርመራ የሚያስፈልገው ሰው የለም።

ምትኮቹና ጥንቃቄያቸው

የአሜሪካው አስተዳደር በፋሞቲዲን፣ በሲሜቲዲን፣ በኦሜፕራዞል፣ በኢሶሜፕራዞልና በላንሶፕራዞል ላይ ባደረገው ምርመራ ኤን.ዲ.ኤም.ኤ. እንዳላገኘ በ2020 ገልጿል። ከራኒቲዲን ጋር በአሠራር የሚመሳሰለው ኒዛቲዲን ግን አንዳንድ ምርቶቹ በጃንዋሪ 2020 ተሰብስበዋል። ከችግር የነጻ ምትክ ግን የለም፤ እያንዳንዱ የራሱ ጥንቃቄ አለው።

ፋሞቲዲን በጃፓን ያማኑቺ ኩባንያ ተሠርቶ በ1985 ለገበያ የቀረበ፣ ለራኒቲዲን የቅርብ ምትክ የሚሆን መድኃኒት ነው። 20 ሚሊ ግራሙ ከ150 ሚሊ ግራም ራኒቲዲን ጋር ይቀራረባል። የጉበት ኢንዛይሞችን እምብዛም አይነካም። ኩላሊቱ ለደከመ ሰው መጠኑ ካልተቀነሰ ግን ተከማችቶ፣ በተለይ በአረጋውያን ላይ፣ የአእምሮ መደናገር ያመጣል። በቀዶ ሕክምና ዝግጅት ጊዜ ራኒቲዲን በመርፌ ይሰጥበት በነበረው ቦታ ፋሞቲዲን በመርፌ ወይም በአፍ ሶዲየም ሲትሬት ሊተኩት ይችላሉ። ሲሜቲዲንም ሊያገለግል ይችላል፤ ዋርፋሪን፣ ፌኒቶይን ወይም ቲዮፊሊን ለሚወስድ ሕመምተኛ ግን መታዘዝ የለበትም።

ኦሜፕራዞልና መሰሎቹ የምግብ ቧንቧ ቁስለት ላለባቸውና የደም መፍሰስ ለሚያሰጋቸው ተመራጭ ናቸው። በሚገባ እንዲሠሩ ከምግብ በፊት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ መወሰድ ይኖርባቸዋል። ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ ከማግኒዥየም ማነስ፣ ከአጥንት ስብራትና ከክሎስትሪዲየም ዲፊሲል ተቅማጥ ጋር መያያዛቸውን የአሜሪካው አስተዳደር ከ2010 እስከ 2012 ባወጣቸው ማስጠንቀቂያዎች አመልክቷል። ኦሜፕራዞል የክሎፒዶግሬልን ኃይል ይቀንሳል። ለወራት ወስዶ በድንገት ያቆመ ሰው አሲዱ ከቀድሞው በልጦ ሊመለስበት ስለሚችል ሕመሙ የተባባሰ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ቀስ በቀስ መቀነሱ ይመረጣል።

ለቀላልና አልፎ አልፎ ለሚመጣ ቃር አሲድን የሚያረክሱት የድሮዎቹ መድኃኒቶች ዛሬም በቂ ናቸው። ለነፍሰ ጡር እናቶችም ከአመጋገብ ምክር ቀጥሎ የሚሰጡት እነዚሁ ናቸው። ይሁን እንጂ ከቴትራሳይክሊንና ከሲፕሮፍሎክሳሲን ጋር አብረው አይወሰዱም። ለኤች.አይ.ቪ. የሚሰጠው ዶሉቴግራቪርም ማግኒዥየም ወይም አሉሚኒየም ካለበት የአሲድ ማርከሻ 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ዘግይቶ መወሰድ አለበት። ይህን ካርዱ ላይ ያላነበበ ባለሙያ ቃርን ሲያስታግስ የቫይረሱን ሕክምና ሊያደናቅፍ ይችላል።

የራኒቲዲን ስም ራሱ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በአሜሪካ በ2021 «ዛንታክ 360» በሚል ስም ለገበያ የቀረበው ምርት በውስጡ ራኒቲዲን የለውም፤ ያለው ፋሞቲዲን ነው። በውጭ አገር ያሉ ዘመዶች ለቤተሰብ መድኃኒት በሚልኩበት ጊዜ የንግድ ስሙን ብቻ አይቶ መወሰን አሳሳች ይሆናል። ባለሙያው ማንበብ ያለበት በጥቅሉ ላይ በትንሹ የተጻፈውን የንጥረ ነገር ስም ነው።

ለኢትዮጵያ የሚሰጠው ትምህርት

በኢትዮጵያ «ጨጓራ» የሚለው ቃል የአካል ክፍል ስም ብቻ ሳይሆን የሕመም ስምም ነው። ቃር፣ የሆድ ቁርጠት፣ ማቅለሽለሽና አንዳንድ ጊዜም የልብ ሕመም በዚህ አንድ ስም ይጠራሉ። በዚህ ምክንያት የአሲድ መቀነሻ መድኃኒት ያለ በቂ ምርመራ በቀላሉ ይታዘዛል፤ ይገዛልም። ራኒቲዲን በኦሜፕራዞል ሲተካ ልማዱም አብሮ ከተዛወረ ትርፉ ጥቂት ነው።

የሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ጉዳይ ዋነኛው ነው። በኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶች ሲጠቃለሉ ከተመረመሩት ሰዎች ግማሽ ያህሉ ባክቴሪያው እንዳለባቸው ያሳያሉ። ቁስለት ያለበትን ሰው ባክቴሪያውን ሳይመረምሩና ሳያክሙ በአሲድ መቀነሻ ብቻ ማቆየት ወደ 1980ዎቹ አሠራር መመለስ ነው። የዓይነ ምድር አንቲጅን ምርመራ ሲታዘዝ ሕመምተኛው ኦሜፕራዞልን ቢያንስ 2 ሳምንት፣ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒትን ደግሞ ቢያንስ 4 ሳምንት ማቋረጡ መጠየቅ አለበት፤ አለዚያ ውጤቱ በሐሰት ነጻ ሊል ይችላል። ለመዋጥ የሚቸገር፣ ክብደቱ የቀነሰ፣ ደም የሚያስመልስ ወይም ጥቁር ዓይነ ምድር ያለው፣ የደም ማነስ የታየበት ሕመምተኛ በመድኃኒት ሊቆይ አይገባም፤ ለኢንዶስኮፒ መላክ አለበት።

ሁለተኛው ትምህርት የመድኃኒት ማከማቻን ይመለከታል። የራኒቲዲን ብልሽት በሙቀት የሚፋጠን መሆኑ ለቆላማ አካባቢዎች ልዩ ትርጉም አለው። እንደ ሰመራና ጋምቤላ ባሉ ሞቃት ከተሞች በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የሚቀመጥ ካርቶን በተሠራበት አገር ፋብሪካ ውስጥ ከተቀመጠው ጋር አንድ አይደለም። የመጠቀሚያ ጊዜ ማብቂያ ቀን ትርጉም የሚኖረው መድኃኒቱ በጥቅሉ ላይ በተጻፈው የሙቀት መጠን ሲቀመጥ ብቻ ነው። የማከማቻውን ሙቀት በየቀኑ መመዝገብ ለክትባት ማቀዝቀዣ ብቻ የተተወ ሥራ መሆን የለበትም።

ሦስተኛው የሪፖርት ጉዳይ ነው። የሲሳፕራይድ አደጋ የታወቀው በየቦታው ያሉ ሐኪሞች ያዩትን ጽፈው በመላካቸው ነው። የራኒቲዲን ችግር ግን በአልጋ አጠገብ የሚታይ አልነበረም፤ የታወቀው በቤተ ሙከራ ነው። አንዱ ያለ ሌላው አይበቃም። ጤና ባለሙያው የመድኃኒት ጉዳትንና የጥራት ጉድለትን ለኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ማሳወቁ ከማዘዝና ከማደል የማይነጠል ኃላፊነቱ ነው።

ማጠቃለያ

ራኒቲዲን ቁስለትን አልፈወሰም ተብሎ አልተነሣም፤ ሥራውንማ በሚገባ ሠርቷል። የተነሣው ስለ ሰው ጨጓራ ብዙ ሲጠየቅ፣ ስለ እንክብሉ የመደርደሪያ ዕድሜ ግን በቂ ጥያቄ ባለመቅረቡ ለአርባ ዓመት ያህል ተሰውሮ የቆየ ጠባይ ስለ ተገለጠበት ነው። ዛሬ የታመኑት ምትኮችም በዘመናቸው ያልተጠየቀ ጥያቄ ሊኖርባቸው ይችላል። ስለዚህ ጤና ባለሙያው የአሲድ መቀነሻ ሲያዝ ምክንያቱን፣ መጠኑንና የሚያበቃበትን ቀን አብሮ ቢጽፍ፣ መድኃኒቱ ወደፊት ምንም ቢገኝበት፣ ሳያስፈልገው የወሰደው ሰው ቁጥር ይቀንሳል።